በሬ ተሽጦ እጢ እንዳይገዛ!

የዛሬው ጨዋታዬ ከወደ ወሎ ቦረና፣ ከመካነ ሰላም ነው። "ጨዋታ" አልኩት እንጂ ነገሩስ የሚያጫውት አይደለም። አንድ ቤተሰብ ጥማድ በሬውን ገበያ ሊያወጣ፣ አንዲት እህት በዐረብ አገር ያጠራቀመችውን የአምስት ዓመት ላብ ልትልክ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የደረስኩበት ጉዳይ ነው።

አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የገባ ሰው የደጋው ብርድ ምን እንደሚመስል አይጠፋውም። ገና አረፍ ከማለቴ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ። ከመጡት አንዷ እናት ሲኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

"ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው አንተ ነህ አሉ?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያ ከተማረ ሰው ጋር ትውላለህ። በአላህ ይሁንብህ፣ ልጄን የሚያስነሳው መርፌ እውነት ነው ውሸት? አጣርተህ ንገረኝ።"

ልጃቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከተጫነ እህል ላይ ወድቆ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ፤ ውስጡ ያለው ህብለ ሰረሰርም ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከወገብ በታች ያለው ገላው አይታዘዘውም። ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። ትራሱ ስር ያለውን ስልክ አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች፣ የሚያብረቀርቅ ክፍል፣ ከተሽከርካሪ ወንበር ተነስቶ የሚራመድ ሰው... ከስሩ በትልቁ "በስቴም ሴል ህክምና ተኝቶ የገባ ቆሞ ይወጣል!" ተብሎ ተጽፏል። ሐኪም ቤቱ ውጭ አገር ነው። የሚያገናኘው ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ደላላ ነው። ክፍያው 12 ሺህ ዶላር ሲሆን ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል።

ደላላው ጋ ራሴ ደወልኩ። "የምትወጉት ሴል ከምን የተወሰደ ነው? እጢ እንዳያመጣስ ምን ምርመራ ታደርጋላችሁ?" አልኩት። ሰውዬው ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ አንተ ገንዘቡን አዘጋጅ እንጂ የሴሉ ዘር ማንዘር ምን ያደርግልሃል!" አለና ስልኩን ዘጋው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ይሁንና የሴሉ ዘር ማንዘር የነገሩ ሁሉ ቁልፍ መሆኑን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያሻም። ያነበብኩትን፣ የሚያውቁትንም ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ።

ሙያ ያልያዘው ህዋስ

ሰውነታችን የተሠራባቸው ህዋሳት እያንዳንዳቸው ሙያ አላቸው። የልቡ ይመታል፣ የቆዳው ይሸፍናል፣ የነርቩ መልእክት ያደርሳል። ስቴም ሴል፣ በኛ ቋንቋ ግንደ ህዋስ የሚባለው፣ ገና ሙያ ያልያዘ ጎረምሳ ነው። ሁለት ችሎታ አለው። አንደኛው ራሱን እያባዛ መኖር ነው። ሁለተኛው ሲታዘዝ ሙያ ይዞ ደም፣ ነርቭ ወይም ሌላ ነገር መሆን ነው።

ይኼ ሁሉ ወሬ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። ከአጥንት መቅኒ የሚወሰደው የደም ግንደ ህዋስ እንደ ሉኪሚያ ላሉ የደም ካንሰሮች ማከሚያ ከሆነ ቆይቷል። ይህን መንገድ የጀመሩት አሜሪካዊ ሐኪም ዶናል ቶማስ የመጀመሪያ ሙከራቸውን በ1957 አሳትመው በ1990 የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የደሙ የተፈተነ ህክምና ነው። የተሰበረ ህብለ ሰረሰር መጠገን፣ የታወረ ዓይን ማብራት፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ማሳረፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህኛው በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ነው። ደላሎቹ የመጀመሪያውን ዝና ይዘው ሁለተኛውን ይሸጣሉ።

ችግሩ የሚወለደው ከዚያው ከህዋሱ ችሎታ ነው። መባዛት የሚያውቅ ነገር መባዛቱን ባያቆምስ? ካንሰር ማለት እኮ "በቃህ" ሲሉት የማይሰማ ህዋስ ነው። ሙያ ሳይዝ የቀረ ግንደ ህዋስ ገላ ውስጥ ሲገባ ቴራቶማ የሚባል እጢ ሊያበቅል ይችላል። አንዳንዱ ቴራቶማ ቢቀደድ ውስጡ ጠጉር፣ ጥርስና የአጥንት ስባሪ ይገኝበታል። ህዋሱ ሁሉንም መሆን ይችላልና ያለቦታው ሁሉንም ልሁን ይላል።

ተስፋ ፍለጋ ሄደው...

"ይሄ የማስፈራሪያ ወሬ ነው" የሚል አይጠፋም። እንግዲያው በህክምና መጽሔቶች ላይ የወጡ የሦስት ሰዎችን ታሪክ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው እስራኤላዊ ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሚዛኑን የሚነሳ፣ በዘር የሚተላለፍ የነርቭ በሽታ ነበረበት። ወላጆቹ ሞስኮ ወስደው ከፅንስ የተወሰደ የነርቭ ግንደ ህዋስ አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ አካባቢ ደጋግመው አስወጉት። ከመጀመሪያው መርፌ አራት ዓመት በኋላ ራስ ምታት ጀመረው። ሲመረመር አንጎሉም ህብለ ሰረሰሩም ላይ እጢ ተገኘ። በ2009 የታተመው ጥናት እጢው ከራሱ ገላ የበቀለ ሳይሆን ከለጋሾቹ ህዋስ የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ለጋሾቹም ቢያንስ ሁለት ነበሩ።

ሁለተኛዋ አሜሪካዊት ወጣት ናት። የሷ ታሪክ ከኛው የመካነ ሰላም ልጅ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በ18 ዓመቷ በደረሰባት አደጋ እግሯ ሽባ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖርቱጋል ሄዳ ከገዛ አፍንጫዋ ውስጠኛ ሽፋን የተወሰደ ህዋስ ህብለ ሰረሰሯ ላይ ተተከለላት። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርባዋን ያማት ጀመር። ቀዶ ሐኪሞች ሲከፍቱት አንድ እብጠት አገኙ፤ ሥራው ምን ይሁን? እንደ አፍንጫ ንፍጥ ማምረት! ካንሰር ባይሆንም ጀርባዋ ውስጥ የተቀመጠ አፍንጫ ሆኖባታል። በ2014 በመጽሔት ወጣ። "የራስህ ህዋስ ስለሆነ ምንም አያመጣም" ለሚል ደላላ ይህን ንገሩት።

ሦስተኛው በ2009 በስትሮክ የተመታ አሜሪካዊ ነው። ከህመሙ በኋላም በምርኩዝ ይሄድ ነበር። ቻይና፣ አርጀንቲናና ሜክሲኮ ተመላልሶ ግንደ ህዋስ ተወጋ። ወጪው ወደ 300 ሺህ ዶላር ደረሰ። በ2016 የወጣው ሪፖርት እንደሚለው የጀርባው ቦይ በእጢ ተሞላ፤ እጢውም ከሌላ ሰው ህዋስ የበቀለ ነበር። ምርኩዙ እንኳ ከእጁ ወጣ፤ መራመድ ተሳነው።

ልብ በሉ፤ ሦስቱም የተጎዱት በመርፌው ማግስት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱማ ዓመታት አልፈው ነው። ያን ጊዜ ደላላው ስልኩን ቀይሯል።

እንክርዳዱን መልቀም

"ታዲያ ሳይንቲስቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል?" ብትሉኝ፣ የለም! ባለፉት ሃያ ዓመታት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ትግል እጢውን መከላከል ሆኗል። የቦረና ገበሬ ዘር ከመዝራቱ በፊት እንክርዳዱን እንደሚለቅም ሁሉ እነሱም ህዋሱን ይለቅማሉ። እንዴት? ቢሉ፦

አንደኛው ሥራ ከአመራረቱ ይጀምራል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን የቆዳ ህዋስ በአራት ጂኖች ወደ ግንደ ህዋስነት መልሰው በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ነገር ግን ከአራቱ ጂኖች አንዱ ሲ-ሚክ የሚባለው በካንሰር የሚታወቅ ነው። እነሱው ራሳቸው በ2007 እንደጻፉት፣ በዚህ መንገድ ከተሠሩት ህዋሳት በተገኙት ልጅ አይጦች ላይ ወደ 20 ከመቶ ያህሉ ይህ ጂን እንደገና ነቅቶ እጢ አወጡ። በዓመቱ ያለዚያ ጂን መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ቆይተውም ጂኖቹ እንደ እንግዳ ገብተው፣ ሥራቸውን ሠርተው፣ ከህዋሱ የዘር መዝገብ ጋር ሳይጣበቁ የሚጠፉበትን ዘዴ አመጡ።

ሁለተኛው ልቀማ ነው። ሙያ የያዘውን ህዋስ ሙያ ካልያዘው ይለዩታል። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ለፓርኪንሰን ህመምተኞች የሚተክሉትን የነርቭ ህዋስ ያዘጋጁት እንዲህ ነው። ኮሪን የሚባል ፕሮቲን ያለበትን ህዋስ በመሣሪያ እየለዩ ያስቀራሉ፤ ሌላው ይጣላል። በ2018 ጀምረው በሰባት ሰዎች አንጎል ላይ ተከሉ። በሚያዝያ 2025 ውጤቱን ሲያወጡ በሁለት ዓመት ክትትል እጢ አልታየም ብለዋል። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ሁለት ዓመትም አጭር ነው። ግን እንዲህ ነው መጀመር!

ሦስተኛው ፍተሻ ነው። ህዋስ ውጭ ሲባዛ ሲባዛ የዘር መዝገቡ ላይ ስህተት ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ከመተከሉ በፊት መዝገቡ ይነበባል፤ የመከላከያ አቅም በሌላቸው አይጦች ላይም ተተክሎ ለወራት ይታያል። በ2014 ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ ለአንዲት በሰባዎቹ ዕድሜ ላሉ እናት ከገዛ ቆዳቸው የተሠራ የዓይን ህዋስ ተተከለ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ለሁለተኛው ህመምተኛ የተዘጋጀው ህዋስ ግን ሲፈተሽ የዘር ለውጥ ተገኘበት፤ በ2015 ሥራው እንዲቆም ተደረገ። ገንዘብ ፈስሶበታል፤ ዓለም እያየ ነው፤ ቢሆንም አቆሙ። ሐኪምና ነጋዴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛው ማጥፊያ ቁልፍ ነው። ህዋሱ ከመሰጠቱ በፊት፣ አንድ መድኃኒት ሲደርሰው ራሱን በራሱ እንዲገድል የሚያደርግ ጂን ይገባበታል። በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከደም ግንደ ህዋስ ንቅለ ተከላ በኋላ በተሰጡ የመከላከያ ህዋሳት ላይ ይኸው ተሞክሯል። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ሲሰጥ ቁልፉ ካለባቸው ህዋሳት ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት በ30 ደቂቃ ውስጥ ጠፉ። አሁን ተመራማሪዎች ይህንኑ ቁልፍ በግንደ ህዋስ ላይ ለመግጠም እየሠሩ ነው። ነገር ግን ቁልፉም ከሁሉም ህዋስ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ አንድ ያመለጠ ደግሞ እንደገና ይራባል። ለዚህ ነው ልቀማውም፣ ፍተሻውም፣ ቁልፉም፣ የዓመታት ክትትሉም አንድ ላይ የሚያስፈልጉት።

ለተሰበረ ጀርባስ?

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ የቸኮልኩት ለእማማ የምነግራቸውን ለማግኘት ነበር። ለህብለ ሰረሰር ጉዳት እስካሁን ትልቁን ተስፋ ከሰጡት ሙከራዎች አንዱ ቶኪዮ በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሚሊዮን ህዋስ ተተከለላቸው። የመጀመሪያው ሰው በታህሳስ 2021 ነበር። በመጋቢት 2025 በተነገረው ውጤት በህክምናው የመጣ ከባድ ጉዳት አልታየም። አንደኛው ያለድጋፍ ቆሞ የመራመድ ልምምድ ጀመረ። ሌላኛው እጁ ላይ መሻሻል አገኘ። የሁለቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ደስ አይልም? ይላል። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። አራቱም ህዋሱ የተተከለላቸው ከአደጋው በኋላ ከ14 እስከ 28 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የኛ ልጅ ደግሞ አራት ዓመቱ ነው። ቁስሉ ጠባሳ ሆኗል። ለቆየ ጉዳት የሚሆነው ገና እየተሞከረ ነው። ዓለም ላይ አሉ የሚባሉ ሊቃውንት "ከአራት ሁለቱ ተሻላቸው" ብለው በጥንቃቄ ሲናገሩ፣ አንድ ደላላ በቪዲዮ "ሁሉም ይነሳል" ካለ ማንን ማመን ነው?

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

አንባብያን ሆይ፣ በየቤቱ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዳለ አውቃለሁና እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ቆርጣችሁ አስቀምጡልኝ፦

1. ህዋሱ ከማን፣ ከምን ገላ የተወሰደ ነው? ሙያ ያልያዘው ከውስጡ መልቀሙ በምን ተረጋገጠ?

2. የዘር መዝገቡ ተፈትሿል? የምርመራው ወረቀት ይታይ።

3. ይህ የተፈቀደ ህክምና ነው ወይስ ሙከራ? የፈቀደው የየትኛው አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው? እውነተኛ ሙከራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ህመምተኛውን የሙከራውን ዋጋ አያስከፍልም። አስቀድሞ የሚያስከፍል "ሙከራ" ሲገጥማችሁ ሁለቴ አስቡ።

4. ከተወጋሁ በኋላ ለስንት ዓመት፣ የት፣ በማን ወጪ ትከታተሉኛላችሁ? መካነ ሰላም ድረስ የሚመጣ ኤምአርአይ የለም።

5. እጢ ቢወጣ ማን ያክመኛል? ማንስ ይጠየቃል?

6. ያው አንድ መርፌ ለስኳርም፣ ለዓይንም፣ ለወገብም፣ ለእርጅናም ያገለግላል የሚል ከሆነ... እንግዲህ ይኼን ለራሳችሁ ትቼዋለሁ።

ደግሞም የሄደ ሰው ካላችሁ አትደብቁ። ሐኪማችሁ የት፣ መቼ፣ ምን እንደተወጋ ይወቅ። አዲስ የጀርባ ህመም፣ ራስ ምታት ወይም የባሰ ድካም ቢመጣ "የመድኃኒቱ ሥራ ነው" ብላችሁ አትታገሱ፤ ፈጥናችሁ ታዩ።

እማማ ምን አሉ?

ወደ ቦረና ልመልሳችሁ። ይህን ሁሉ በተቻለኝ መጠን አሳጥሬ ነገርኳቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ። እንክርዳዱ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የገበሬ ልጅ ናቸው፤ እሱን ከኔ በላይ ያውቁታል።

"እና ልጄን ምን ልበለው? ተስፋ የለህም ልበለው?"

ለዚህ የሚሆን መልስ ይዤ አልሄድኩም ነበር። መልሱን የሰጠን ልጁ ራሱ ነው።

"እማ፣ እኔ ሩጫ መች ጠየኩሽ? ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ብሞቅ፣ መንገደኛ ሲያልፍ ባይ ይበቃኛል። አራት ዓመት ጣራ ነው ያየሁት።"

ቤቱ ፀጥ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም የሚያስበው ስለማስነሳቱ ነበርና ስለማስወጣቱ ያሰበ አልነበረም። ጀርባው ላይም ከመተኛት ብዛት ቁስል ጀምሮታል። ይህ ቁስል የህብለ ሰረሰር ጉዳተኛን የሚገድል ነገር ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ገላውን ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ የሽንቱን ነገር መከታተል፣ እጅና ትከሻውን ማጠንከር... ይኼ ሁሉ ከ12 ሺህ ዶላር በታች ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደሴ ሐኪም ቤት ወስደው እንዲያሳዩት፣ የአካል ተሃድሶ አገልግሎትና ተሽከርካሪ ወንበር የሚገኝበትንም እዚያው እንዲጠይቁ መከርኳቸው። በስልክ ከጂዳ ስታዳምጥ የነበረችው እህቱ አለቀሰች። ቀጥላም "ለወንበሩ እኔ አለሁ፤ በሬዎቹን እንዳትነኩ" አለች።

አባቱ በማግስቱ መዶሻ ይዘው የበሩን መቃን ለማስፋት ሲለኩ ትቻቸው መጣሁ።

የደላላው ቁጥር ልጁ ስልክ ላይ አሁንም አለ። አልደመሰሰውም። አጥፋው አላልኩትም፤ ተስፋ በትእዛዝ አይደመሰስም። ብቻ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ወረቀት አጣጥፎ ትራሱ ስር አስቀምጧል። ስድስቱ ጥያቄዎች ናቸው። "ይደውልልኝ ግዴለም፤ መጀመሪያ እነዚህን ይመልስልኝ" አለኝ እየሳቀ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ህክምናው አንድ ቀን ተለቅሞ፣ ተፈትሾ፣ ከነቁልፉ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን በሬውም ይረስ፣ ልጁም ፀሐይ ይሙቅ።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ!